በዓሣ አጥማጅ ድንኳን የተሰናዳ መርዶ

ከዳላስ እስከ ፎርት ወርዝ ባለው አገር፣ አርሊንግተንን መሐል ላይ ጨምሬ፣ ስለ መብራት ከእኔ እኩል የሚያውቅ አበሻ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራማ ቢሆን ቴክሳስን በሙሉ እጠቀልለው ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ ስምንት ዓመት የበላሁት የመብራት እንጀራ ነው። ዛሬም ቀና ብዬ ሰማይ ሳይ፣ ከኮከቡ አስቀድሞ የሚታየኝ የተዘረጋው ሽቦ ነው።

ሥራዬ ምን ነበር? ምሰሶ መቁጠር። ገና ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። ጠዋት መዝገብ ይዤ እወጣለሁ፣ በየመንገዱ የቆመውን የእንጨት ምሰሶ እቆጥራለሁ፣ የዘመመውን «ዘሟል»፣ የወደቀውን «ወድቋል» ብዬ እጽፋለሁ፣ ማታ አስረክባለሁ። በስምንት ዓመት ውስጥ ሽቦ በእጄ ነክቼ አላውቅም። አንድ ቀን ልነካ ስል አለቃዬ በጥፊ ሕይወቴን አትርፎልኛል። ግን እዚህ ማን ያውቃል? ሰው ባሕር ሲሻገር ያልተማረው ትምህርት ሁሉ ይገለጥለታል። አገር ቤት መርፌ ይቀቅል የነበረው እዚህ «ዶክተር ነበርኩ» ሲል እየሰማን፣ እኔ ምሰሶ ቆጣሪው «ኢንጂነር» ብባል ምን ይገርማል? ደግሞ እኔ አላልኩም፤ ሰዎቹ ናቸው ያሉኝ። እኔ ዝም ነው ያልኩት። ዝምታ ውሸት አይደለም፤ የውሸት የአክስት ልጅ ነው።

ሶ፣ ነገሩ የሆነው ሞባይል ገና የሀብታም ዕቃ በነበረበት፣ እኛ የታክሲ ነጂዎች ፔጀር የምትባለውን መጥሪያ እንደ ሽጉጥ ወገባችን ላይ በምንታጠቅበት ዘመን ነው። ወሩ ጥር፣ ቀኑ ማክሰኞ። ፔጀሬ ጮኸ። መልሼ ኮል ሳደርግ ጌታቸው ነው።

«ከደሴ ተደወለ» አለኝ። «አክስቴ አረፉ። የጥሩዬ እናት።»

«ነገርካት?»

«አብደሃል እንዴ!»

ጥሩዬ፣ ሙሉ ስሟ ጥሩወርቅ፣ የጌታቸው የአክስት ልጅ ናት። ሳክሲ በምትባል የዳላስ ዳርቻ ከተማ ጎን ለጎን ተከራይተው፣ በአንድ የእንጨት አጥር ተለያይተው ይኖራሉ። እሷ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች፤ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታበላለች። እኔን ትርፍ አንጀቴን ያወጡልኝ ጊዜ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ስታገላብጥ አድራ ጠዋት መጥታ እኔን ታገላብጠኝ ነበር። ዘጠኝ ቀን። በዘጠኝ ቀን ውስጥ የዋልኩላት ውለታ ቢኖር፣ የምታመጣውን ሾርባ ጨው አነሰው ማለት ነው።

አባቷ የሞቱ ጊዜ አጥፍተናል። እንደ ወጉ ሰው ተሰብስቦ ይንገራት ብለን ቅዳሜን ስንጠብቅ፣ አንዲት ደግ ሴት ከሂውስተን ወደ ጥሩዬ ሥራ ቦታ ደወለችና «እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ የአባትሽን ነፍስ ይማር» አለቻት። የሰማች መስሏት ነው። ጥሩዬ ስልኩን እንደያዘች ኮሪደር ላይ ወደቀች። አጠገቧ የነበሩት እነዚያ የምታጥባቸው ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው የወደቀ ሰው አያነሳም፤ ደወል ነው የሚደውለው። ሁሉም ደወሉ አሉ፣ በአንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ነው ጌታቸውን፣ እኔንና የማኅበራችንን ሊቀ መንበር ጋሽ ወልዴን ጠርታ፣ ተቀምጠን ሳለ ከፊታችን ቆማ፣ «የእናቴ ቀን ሲመጣ እንደ ሰው ልጅ ንገሩኝ» ያለችን። «ተሰብስባችሁ ኑ። ስወድቅ የሚይዘኝ እጅ ይኑር። ሌላ ምንም አልለምናችሁም።»

ምለናል። ጋሽ ወልዴማ በሁለት ታቦት ነው የማሉት፤ አንዱ ቢረሳ አንዱ እንዲያስታውስ።

ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ጋሽ ወልዴ ቤት ተሰበሰብን። ጋሽ ወልዴ አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ያለ ቃለ ጉባኤ ውኃ አይጠጡም።

«መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው» አሉ ብዕራቸውን አንስተው። «ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ። ተቃውሞ?»

«ጎህ ሲቀድ ሥራ ላይ ናት እኮ ጋሼ» አለ ጌታቸው።

«ስትመለስ ይሁን።»

«ስትመለስ ሌሊቱን ቆማ ያደረች ሴት ናት። ሳትተኛ መርዶ? ትሞትብናለች።»

«እንዲያውስ ለሌሊት ሠራተኛ ጎሁ መቼ ነው?» አልኩ እኔ፣ ለጨዋታ ያህል። መቼም ከዚህ አፌ የሚወጣው ነገር መቀለጃ ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ቀን የለም። ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አወለቁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ክርክር ተደረገ። አንዱ ፀሐይን ጠቀሰ፣ አንዱ ዶሮን ጠቀሰ፣ አንዱ በቴክሳስ ዶሮ የለም አለ። በመጨረሻ ጋሽ ወልዴ ፈረዱ።

«ጎህ ማለት ሰው ከእንቅልፉ የሚነሳበት ሰዓት ነው። ጥሩወርቅ ቅዳሜ የምትነሳው ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም፣ ከቀኑ።»

«እንግዲህ የጥሩወርቅ ጎህ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ተወስኗል።»

ጻፉት። ፀሐይ ያልቻለችውን ጋሽ ወልዴ በቢክ እስክሪብቶ አደረጉት። የዚህ ጎህ ችግሩ፣ በቀደደ ቁጥር እየጨለመ የሚሄድ ጎህ መሆኑ ብቻ ነው። በጥር አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት በሳክሲ ዓይን ቢወጉ አይታይም።

ቀጥሎ ቦታ። የእሷ ቤት አሥር ሰው አይችልም። የጌታቸው ሚስት አስቴር የሦስት ሳምንት አራስ ናት፤ ለቅሶ አራስ ቤት አይገባም። የቀረው የጌታቸው ጓሮ ነው፤ ከአጥሩ ጀርባ እንሰበሰባለን፣ እሷ ስትነሳ በአንድነት እንሻገራለን፣ ከዚያ በኋላ ሦስቱን ቀን እዚያው እንቀመጣለን። ታዲያ ድንኳን ያስፈልጋል። የማኅበሩ ድንኳን ባለፈው ፋሲካ በንፋስ ተነሥቶ ሄዷል፤ ኦክላሆማ ታየ የሚሉ አሉ።

«መብራቱን ከቤት በገመድ እንስባለና» አለ ጌታቸው።

ይኼን ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ወገኖቼ፣ ቲቪው ቅዳሜ አይስ ይወርዳል ብሏል። ቴክሳስ ውስጥ አይስ ሲወርድ መጀመሪያ የሚሞተው መብራት ነው። ሽቦው ክብደት አይችልም። በባትሪ መሆን አለበት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ያወቀ ሰው ሲናገር እንዲህ ነው። እውነት ለመናገር በሕይወቴ ስለ መብራት የተናገርኩት ትክክለኛ ነገር ይኼ አንዱ ነው፤ ምሰሶ ቆጥሬ አይደል? «ድንኳኑና መብራቱ በኢንጂነሩ» ብለው ጋሽ ወልዴ ጻፉ። እኔም ዝም አልኩ። የውሸትን የአክስት ልጅ ታውቋታላችሁ።

ሐሙስ ዕለት ዋይሊ ውስጥ ተሳፋሪ አድርሼ ስመለስ፣ አንድ ቤት ደጃፍ ጋራዥ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን በደጁ ዘርግቶ የሚሸጥበትን፣ አየሁና ፓርክ አደረግሁ። ባለቤቱ ካርል የሚባል እንደ ምሰሶ የረዘመ ሽማግሌ ነው፤ ልጁ አጠገብ ሊኖር ከሚኒሶታ መምጣቱ ነው። ከዕቃው መሐል አንድ ድንኳን ቆሟል። የሸራ ግድግዳ፣ የእንጨት ወለል፣ ከወለሉ ሥር እንደ በረዶ መንሸራተቻ ያለ ሁለት እግር። ወለሉ ላይ ደግሞ ሁለት ክብ ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ የእንጀራ ማቅረቢያ ትሪ የሚያህል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ዓሣ ማጥመጃ።»

ዓሣ ማጥመጃ ድንኳን! ካርል አስረዳኝ። በአገራቸው ሐይቁ ክረምት ላይ ድንጋይ ይሆናል፤ ሰዎቹ ድንኳኑን እየጎተቱ በረዶው ላይ ይወጡና፣ በረዶውን ሰርስረው፣ በቀዳዳው ክር አውርደው፣ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ። እኛ ከስንት ነገር ሸሽተን ስንመጣ፣ እነሱ አጥተው ችግርን በሐይቅ ላይ ሄደው ይፈልጉታል። ውስጡ ጥቁር ነው፤ ጥቁር የሆነው ዓሣው በቀዳዳው እንዲታይ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ጥቁሩን ሳይ ለለቅሶ ተብሎ የተሰፋ መሰለኝ።

«የትኛው ሐይቅ ልትወስደው ነው? እዚህ እኮ ውኃ አይረጋም» አለኝ።

«ለሐይቅ አይደለም። የወዳጄ እናት ሞተዋል፤ ለእሷ ልንነግርበት ነው።»

«አታውቅም?»

«አታውቅም።»

«መቼ ነው የሞቱት?»

«ሰኞ።»

«እናንተ ሁላችሁም ታውቃላችሁ?»

«ሁላችንም።»

ካርል ይፈርድብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ስንት ሰዓት ነው በመብራት የምትቀመጡት?» አለኝ። ከዚያ ካርቶን ቀደደና በእርሳስ አስተማረኝ። ሰውዬው አርባ ክረምት በጨለማ ሐይቅ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ያውቃል። ትንንሽ ቱቦ መብራት አድርግ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ትንሽ ነው የሚበላው። ባትሪው የጀልባ ይሁን፣ ቀስ ብሎ መስጠት የለመደ፤ የመኪና ባትሪ አንድ ጊዜ ጮኾ መኪና ለማስነሳት ነው የተሠራው፣ ሰዓታት ሲጠጡት ይሞታል። ብርድ ደግሞ ግማሽ ጉልበቱን ይወስድበታል። ሽቦህ ወፍራም ይሁን፣ አጭር ይሁን፤ ቀጭን ሽቦ ረጅም መንገድ ላይ ብርሃኑን ይበላዋል። ፊውዝ ባትሪው ሥር አድርግ፤ ድንኳን ውስጥ በእሳት አይቀለድም። ይህን ሁሉ ብሎ ከሳጥን ውስጥ ሁለት የቱቦ መብራቶች አወጣና «ውሰዳቸው፣ ዋጋ የላቸውም» አለኝ።

አየኋቸው። ጣቴን ያህላሉ። ለእናት ሞት፣ ለእነ ጋሽ ወልዴ፣ ለዚያ ሁሉ ጥቁር ሸራ፣ ጣት የሚያህል መብራት? ደሴ ቢሰማ ምን ይባላል? አመስግኜ መለስኩለት። ድንኳኑን ብቻ ታክሲዬ ጣሪያ ላይ አስሬ ሄድኩ። ካርቶኑን መንገድ ላይ ለግንባር መስተዋት ጉም መጥረጊያ አደረግሁት።

አርብ ራሴ ዲዛይን አደረግሁ። መብራቱ፦ ከተሰባበሩ ታክሲዎች የተነቀለ ሦስት የግንባር መብራት። አንድ መብራት ለአውራ ጎዳና ከበቃ፣ ሦስት ለለቅሶ እንዴት ያንሳል? ባትሪው፦ ከዚያው ከተሰባበሩት ታክሲዎች የአንዱ፣ ባለቤቱም መኪናውም የሞቱ። ሽቦው፦ ለቴፕ ስፒከር የሚሆን፣ ክር የመሰለ፤ ባትሪው ይሸታል ብዬ ከጓሮው ጥግ ካለው ዕቃ ቤት ጀርባ ስላስቀመጥኩት ርዝመቱ ግቢውን አቋረጠ። መገጣጠሚያዎቹን በቁስል ፕላስተር ጠቀለልኳቸው። ፊውዝ? ፊውዝ ራሱን የማያምን ሰው ነገር ነው።

ቅዳሜ ቀን፣ ጥሩዬ ተኝታ ሳለች፣ ድንኳኑን አቁመን ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ሞከርነው። ጌታቸው መሐል ቆመ፣ እኔ አበራሁ። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ዘለለ።

«መኪና ሊገጨኝ የመጣ መሰለኝ እኮ!»

«ብርሃን ማለት ይኼ ነው» አልኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ጀመረ። ሲወርድ ውኃ ነው፣ ሲያርፍ መስታወት። አሥር ሰዓት ላይ ዛፉ ሁሉ ብርጭቆ ለበሰ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሩቅ አንድ ነገር ጓ ብሎ ፈነዳና የመንገዱ መብራት ከዳር እስከ ዳር ጠፋ። ያን ጊዜ ያደረብኝን ደስታ ዛሬ ስናገረው አፍራለሁ። ሰው እናቷ ሞታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ፣ እኔ ጌታቸውን ትከሻውን እየመታሁ «አላልኳችሁም? አላልኩም?» እላለሁ።

ለቀስተኛው መምጣት ጀመረ። ጥሩዬ መኪና እንዳታይ ተብሎ ሁሉም ፓርክ ያደረገው ሁለት መንገድ ርቆ ነው። ሃያ ሦስት ሰው በጥቁር ልብስ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ፣ መስታወት ላይ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲመጣ አስቡት። አንዱ ሲወድቅ ስድስት ይዞ ይወድቃል፤ ሲነሱ ደግሞ እንዳትሰማ በሹክሹክታ ነው የሚራገሙት። እትዬ ዘነበች፣ በዳላስ አልቅሶ በማስለቀስ ተወዳዳሪ የሌላቸው ሴት፣ የመጨረሻውን ሃያ እርምጃ በእንብርክክ ነው የጨረሱት።

«ገና ሳይነገራት እኔ ተቀበርኩ!» አሉ ድንኳኑ በር ላይ።

የድንኳኑ ከረጢት ላይ «ስድስት ዓሣ አጥማጅ» ይላል። ሃያ ሦስት አበሻ፣ ከነካፖርቱ፣ አስገባን። ጉልበት ለጉልበት፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ። አስገብቼ ጨረስኩና፣ እንደ ጳጳስ ቆሜ፣ አበራሁ።

ሃያ ሦስት ሰው ዓይኑን ጨፈነ። ጥላው ሸራው ላይ ዘጠኝ ክንድ ሆኖ ቆመ። ጋሽ ወልዴ የጻፉትን የመርዶ ንግግር ከኪሳቸው አውጥተው ነበር፣ ሦስት ቀን የደከሙበትን፤ በወረቀቱ ጋረዱት ፊታቸውን።

«ጋሼ፣ አይታይም?» አልኳቸው።

«ይታያል ልጄ። እንዲህ ያለ መብራት ፊቴ ላይ ሲበራብኝ ይኼ ሁለተኛዬ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የጓደኞቼን ስም ነበር የጠየቁኝ።»

እኔም ለአንድ አፍታ ላጠፋው እጄን ሰድጄ፣ ኩራት ይዞኝ ተውኩት።

ደግሞ ማጥፋትም አላስፈለገኝ። ብርሃኑ ከነጭ ወደ ቢጫ ሄደ። ከቢጫ ወደ ብርቱካን። «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ አንዱ፤ የሚሸተው የእኔ የስፒከር ሽቦ ነው። ከብርቱካን ወደ ሲጋራ ጫፍ፣ ከሲጋራ ጫፍ ወደ ምንም። ሦስት ቀን ቃል የገባንለት፣ ስብሰባ የተቀመጥንለት፣ ቃለ ጉባኤ የያዝንለት መብራት፣ በሩብ ሰዓት አለቀ። ካርል በካርቶን የጻፈው አንድ በአንድ ሲፈጸም ማየት ነው፤ ነቢይ ነበር ሰውዬው።

«አንተ ኢንጂነር!» አሉ እትዬ ዘነበች በጨለማው ውስጥ። «የት አለህ? ልርገምህ አቅጣጫህን ንገረኝ።»

«አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ» እያልኩ በአራት እግሬ እየዳህኩ በሸራው ሥር ወጣሁ። ሽቦውን እየተከተልኩ ዕቃ ቤቱ ጀርባ ደረስኩ። መገጣጠሚያው ላልቶ ፕላስተሩ ቀልጧል። ባትሪው በረዶ ሆኗል። እዚያ፣ ጣቴ ደንዝዞ፣ የካርል ነገር ትዝ አለኝ፤ ረጅም መንገድ ብርሃን ይበላል። ባትሪውን አቅፌ ተሸክሜ ተመለስኩ፣ ጥግ ላይ በሸራው ሥር ይዤው ገባሁ፣ ሁለቱን መብራት በጥርሴ ቆርጬ ጣልኩ፣ አንዱን ብቻ በአጭር ሽቦ አሰርኩ።

በዚህ መሐል ጋሽ ወልዴ ለመውጣት ይሁን ለመቀመጥ፣ አንድ እርምጃ ተራመዱ። ምንጣፉ ከነእግራቸው ወደ ቀዳዳው ገባ።

«እግሬ! እግሬን ያዘኝ!»

«ማን ነው የያዘዎት ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ምን ዓይነት ድንኳን ነው ይኼ?»

«የዓሣ ነው ጋሼ» አለ ጌታቸው።

ከዚያ የሆነውን እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ሌላው ያዘው፣ አልያዘለትም። እትዬ ዘነበች «አትሳቁ እናንተ ጉዶች፣ መርዶ ነው!» ሲሉ እሳቸው ራሳቸው ፈነዱ። አራት ቀን ሙሉ የሰው ሞት አፍነን ይዘን፣ መንገድ ላይ ጥሩዬን ስናያት በውሸት ፈገግ እያልን ቆይተን፣ የታፈነው ሁሉ በዚያ ወጣ። ሃያ ሦስት ሰው፣ ጥቁር ለብሶ፣ ጨለማ ውስጥ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

የበሩ ዚፕ ተከፈተ።

የእጅ ባትሪ ይዛለች፣ ሽማግሌዎቹን ሌሊት የምትጎበኝበትን ትንሿን። ጋቢ በፒጃማዋ ላይ ደርባለች። ከእንቅልፏ ገና መነሳቷ ነው። ሳቁን ሰምታ፣ ሳቃችን ተጋብቶባት፣ እየሳቀች ነው የገባችው።

«እናንተ! በጨለማ ምን ያስቃችኋል? እኔን ሳትጠሩኝ ነው ደግሞ?»

ብርሃኗ አንዱን ፊት ነካ። ቀጥሎ ሌላውን። ጥቁሩን ልብስ አየች፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ። ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

«ማን ሞተባችሁ?»

ብርሃኑን ጌታቸው ላይ አደረገች።

«ጌቾ? ሕፃኑ ነው? ወይኔ ሕፃኑ!» አለችና ደረቷን መታች።

«ደህና ነው ጥሩዬ። ሕፃኑ ደህና ነው።»

«አስቴር ናት?»

«ደህና ናት።»

«ጋሽ ወልዴ፣ ወንድምዎ ናቸው? ታመዋል ሲባል ነበር።»

«ደህና ነው ልጄ» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ አንድ እግራቸው ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ። ንግግራቸው እጃቸው ላይ ተጨማትሯል።

«እትዬ ዘነበች፣ ያንቺ ልጅ?»

እትዬ ዘነበች ራሳቸውን ነቀነቁ። በየተራ ጠየቀችን። በየተራ ደህና ነው አልናት። የሁላችንም ሰው ደህና ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እያንዳንዱ «ደህና ነው» አንድ በር ሲዘጋባት፣ እያየን ነው የዘጋነው። በኋላ የሚጠየቅ ሰው አለቀ። ብርሃኑን ወደ መሬት አወረደችው። ምንጣፉን ትንሽ አየችና፣ ባትሪዋን ራሷ አጠፋችው።

ከጨለማው ውስጥ የወጣውን ድምፅ አልጽፈውም። ስትወድቅ ሰማሁ። የሚይዛት እጅ ነበር፣ ብዙ፤ በጭፍን የተዘረጋ፣ እርስ በርሱም የተያያዘ። የእኔ ሁለት እጆች ግን ጥጉ ላይ ሽቦ ይዘው ነበር።

«መብራት! አብራው እንጂ አንተ!» ብሎ ጮኸ ጌታቸው። «ራሷን መታች፣ አይታየኝም!»

«ሞቷል» አልኩ። «ባትሪው ሞቷል።»

ሌላ ሰው የእጅ ባትሪዋን ከወለሉ ፈልጎ እስኪያገኝ፣ በጨለማ ውስጥ ዳብሰው ነው የያዟት። ግንባሯ ተጭሮ ነበር።

ዓመቱ ሲዞር፣ በተዝካሩ ዕለት፣ ጥሩዬ ጠርታኝ «ያን ቀን መብራትህ እንኳን ጠፋ» አለችኝ። «ፊቴን ማንም አላየኝ። እንደ ልቤ ነው ያለቀስኩት። እንደሱ ያደረገው እግዚአብሔር ነው።» እኔም እንደ ልማዴ ዝም አልኩ፤ እጄን ስማኝ ሄደች። ሌላውም ሰው ይህንኑ እየደጋገመ ነገሩን ወደ ምርቃት ለውጦልኛል።

እሷ የእጅ ባትሪዋን ከማጥፋቷ በፊት እኔ መብራቱን ጠግኜ ጨርሼ ነበር። አንዱን መብራት ካፖርቴ ሥር ደረቴ ላይ ደፍቼ ሞክሬዋለሁ፤ በርቷል፣ ሙቀቱ ሸሚዜን አልፎ ተሰምቶኛል። ጌታቸው ሲጮህ ሁለቱን ሽቦ በሁለት እጄ ይዤ፣ መሐላቸው ጣት እንኳ አያስገባም ነበር። ማገናኘት ብቻ ነው የቀረኝ። ለእሷ ብዬ አይደለም የተውኩት። ፊቷን ማየት ፈርቼ ነው።